«ያዢው! ልቀቂው!»

«ቦሎ እኮ ወረቀት ነው» አለኝ። ይህን የሚለኝ የሰፈር ደላላ አይደለም፤ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ የሕግ ሰው ነው! ያ የምርመራ ወረቀት የመኪናዬ መስታወት ላይ የተለጠፈው ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ ፍሬኗ በማሽን ተለክቶ፣ ጭሷ ተመርምሮ፣ መብራቷ አንድ በአንድ ታይቶ፣ የእሳት ማጥፊያና ሦስት ማዕዘኑ ሳይቀር ተቆጥሮ ነው። ለካ ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለማስጌጫ ኖሯል።

አስቆመኝ። መንጃ ፈቃድ አለ። ሊብሬ አለ። የሦስተኛ ወገን መድን አለ። ሁሉም ሲሟላበት ቅር ያለው መሰለኝ፤ ዞረና ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ መጮህ ጀመረ።

«ፍሬን ያዢው!» ያዝኩት። «ልቀቂው!» ለቀቅኩት። «ያዢው አልኩሽ!» ይዤዋለሁ እኮ! እናቴ ከኋላ ወንበር «ምን ሆነን ነው? ሰው ገጨሽ እንዴ?» ትለኛለች። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ በሙሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ይህ ሳያንስ አንድ ሎተሪ አዟሪ መጥቶ ከፖሊሱ ጎን ቆመና ምስክርነቱን ሰጠ፦ «የግራው የፍሬን መብራት ነው ያልበራው፣ አለቃ!»

ማን ጠየቀህ? ደግሞ በዚያው አፉ ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ነገ የሚወጣ አለኝ» አይለኝም!

«መኪናሽ ለመንገድ ብቁ አይደለችም» አለ ፖሊሱ።

«ምርመራውን አልፋለች እኮ፤ ቦሎዋ ይኸው።»

«ቦሎ እኮ ወረቀት ነው።»

«ወረቀት ከሆነ የሌለውን ሰው ለምን ትቀጣላችሁ?»

ዝም አለ። ከዚያ ደብተሩን እያወጣ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ባለቤትሽ አያይልሽም?» አለኝ። ባለቤቴ! ኮፈኑ በየት በኩል እንደሚከፈት ያሳየሁት እኔ ነኝ! ጎማ የምቀይረው እኔ፣ ዘይት የምለካው እኔ፣ ጋራዥ ለጋራዥ የምንከራተተው እኔ። እሱ መኪናዋን የሚያውቃት በቀለሟ ነው።

እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «የእኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያሳድግህ፣ ተዋት» ብላ ለመነችው። «እማማ፣ ለእርስዎ ደህንነት ብዬ ነው» አላት በትሕትና። ለእሷ «እርስዎ»፣ የልደት ዘመኔን አሁን መንጃ ፈቃዴ ላይ ላነበበው ለእኔ «አንቺ»። በዚህ መሐል አንድ ገልባጭ መኪና ጥቁር ጭሱን እየተፋ፣ አሸዋውን እያዘነበ፣ የኋላ መብራቱ የነበረበት ቦታ ላይ ሽቦ ብቻ አንጠልጥሎ አጠገባችን አለፈ። «ያንንስ?» ብለው «አንቺ ስለ ራስሽ አውሪ» አለኝ።

የፍሬን መብራት ይብራ፤ ማን አይብራ አለ? ግን ከጉድጓድ ወጥታ ጉድጓድ የምትገባ መኪና ላይ ምን አምፖል ይበረክታል? ያለፈው ክሴ ደግሞ የስፖኪዮው፣ የጎን መስታወቱ ጉዳይ ነበር። ሌሊት ከቤቴ ደጃፍ ነቅለው ወሰዱት፤ ጠዋት ሌላ ለመግዛት ስወጣ «ያለ ስፖኪዮ በማሽከርከር» ተከሰስኩ። ሌባው አልተያዘም፣ የተሰረቀችው ግን ተያዘች።

ደግሞ «ሸጠሽ ሌላ ግዢ» የምትሉኝ ዘመዶቼ አላችሁ። በምን? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪናን እንደ ኃጢአተኛ ቀጣው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የአንድ መብራት ዋጋ ጠይቁና ኑ። ስለዚህ ይህችው አሮጌዬ ናት፤ አብረን እናረጃለን።

ዋናውን አልነገርኳችሁም። ፖሊሱ ክሱን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቀዶ ሲሰጠኝ ያ ሎተሪ አዟሪ ወደ ኋላ ሄዶ መብራቷን በጡጫ አንድ ጊዜ ደለቃት። በራች! ፍክት ብላ በራች! «አለቃ፣ በርቷል!» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም በደስታ ፍሬኑን ስይዝ ስለቅ፣ ስይዝ ስለቅ።

ፖሊሱ አየት አደረገና «ክሱ አንዴ ተጽፏል» አለኝ።

ምን ይባላል? መንጃ ፈቃዴ እሱ ዘንድ ቀረ። እናቴ እስከ ቤት ድረስ «አፍሽ ነው ያስቀጣሽ» እያለች መጣች። ከሎተሪ አዟሪው ትኬት ገዛሁ፤ ከሁሉም የሠራልኝ እሱ ስለሆነ።

አሁን ለዚህች ኮሮላ የግራ የኋላ መብራት የአምፖል ማቀፊያ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አምፖሉ ደህና ነው፤ የዛገው ማቀፊያው ነው። ኦሪጅናል ይሁን፤ ዋጋውን ግን ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ።