ማስተካከያ፦ ቢራቢሮዋና ጉንዳኖቹ ወዳጆች አይደሉም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው አንድ ጽሑፍ ላርጅ ብሉ ስለምትባለው የሣር ሜዳ ቢራቢሮ ያወራል። አባጨጓሬዋ ለጉንዳኖች ጣፋጭ ፈሳሽ ትሰጣለች፣ እነሱም በምላሹ ይንከባከቧታል፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ ይላል። ፈሳሹ እውነት ነው። ሁለቱም ይጠቀማሉ የሚለው ግን ስህተት ነው።

አባጨጓሬዋ መጀመሪያ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት የጦስኝ አበባ ትበላለች። ከዚያ መሬት ትወርድና አንዲት ቀይ ጉንዳን እስክታገኛት ትጠብቃለች። ጉንዳኗ ፈሳሹን ትልሳለች። አባጨጓሬዋም ሰውነቷን ነፋ አድርጋ ልክ የጉንዳን ዕጭ ትመስላለች። ጉንዳኗ የራሷ ወገን መስላት አንጠልጥላ ጎጆዋ ታስገባታለች። አብዛኛውን ጊዜ ወደ 10 ወር ገደማ እዚያው ትቆያለች፤ ቀለቧም የጉንዳኖቹ ዕጮች ናቸው።

ተመራማሪው ጄረሚ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ባካሄደው የመስክ ጥናት ደግሞ ቢራቢሮዋ በዋናነት በአንድ ሙቀት ፈላጊ የቀይ ጉንዳን ዝርያ ላይ እንደምትመካ ታወቀ።

ጽሑፉ ሜዳውን አጥሮ ከብት ማራቅ ያድናታል ማለቱም ጎጂ ምክር ነው። የሚግጥ ከሌለ ሣሩ ይረዝማል፣ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ሙቀት ፈላጊው ጉንዳን ይጠፋል። ቢራቢሮዋ ከብሪታንያ የጠፋችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከ1983 ጀምሮ ሰዎች ከስዊድን አምጥተዋት መልሳ የተራባችው ሜዳዎቹ እንደገና እንዲጋጡ በመደረጉ ነው።