ወጡ ግን አርሮ ነበር?

ባለፈው እሑድ አንድ የእርቅ ሸንጎ ላይ ተቀምጬ ከተመለስሁ ወዲህ፣ ለአስታራቂ ሽማግሌዎቻችን ምስጋና ሳላቀርብ መቆየቱ ከበደኝ። ያበጠ ዓይኗን በነጠላ የሸፈነችው ሴት ሸንጎ ፊት ስትቀርብ ለ3ኛ ጊዜ ነበር፤ እነርሱም ያንኑ የማይነጥፍ ጥበባቸውን ለገሷት፦ «ቻይው፣ ገመናሽን አታውጪ፣ ለልጆችሽ ስትዪ።»

ከሁሉ ያስደነቀኝ የምርመራቸው ጥልቀት ነው። ባልየው «ወጥ አሳረረችብኝ» ብሎ ነበርና፣ ሸንጎው ዓይኗን ትቶ ድስቱን መረመረ። ያረረው ከሥሩ ብቻ ነው ወይስ ሽታው እስከ ላይ ዘልቋል? ሽንኩርቱ ሲቁላላ ነው ወይስ በርበሬው ከገባ በኋላ? ጋቢያቸውን ያጣፉ አንድ አባት ከ40 ዓመት በፊት ቤታቸው ያረረውን ዶሮ ወጥ (ሐዘኑ ገና አልወጣላቸውም) 12ቱንም ብልት እየቆጠሩ ከተረኩልን በኋላ፣ ጥፋቱ የምድጃውም የሴትየዋም እንደሆነ ተወሰነ። ተበዳይ ጉልበት ሳመች፣ በዳይ ተመረቀ፣ ድፎው ተቆረሰ።

የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ከጠየቀባቸው 5 ምክንያቶች አንዱ ምግብ ማሳረር ነበር፤ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «አዎ» ያሉት ከወንዶች 28፣ ከሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ተመቺዋ ከመቺው ይልቅ ዱላውን የምትደግፍበት ይህ ውጤት የሽማግሌዎቻችን የዘመናት ትምህርት ፍሬ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን እንደሚያስቀጣ ባነሳ፣ «ሕግ ቤት ያፈርሳል» ተባልሁ። ሕጉም ቢሆን ይሉኝታ ያውቃል፤ ደብዳቢውን ከቤት የሚያርቅ የጥበቃ ትእዛዝ በግልጽ ስላላበጀ፣ ከሳሿ ከጣቢያ ተመልሳ የምታድረው የከሰሰችው ሰው ቤት ነው።

ያችን ሴት ግን አንቋታል። የጣቶቹን ምልክት አንገቷ ላይ አይቻለሁ። አንዴ ያነቀ ባል ሊገድል እንደሚችል ጉዳዩን ያጠኑ ሁሉ ያስጠነቅቃሉ፤ እኛ ግን፣ እኔም ጭምር፣ ድፎ እያኘክን ወደዚያው እጅ መለስናት። ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድነት የሚገኙበት ማዕከል ጋንዲ ሆስፒታል እንዳለ፣ መጠለያ የሚባል ነገርም እንዳለ፣ ትንፍሽ ያለ አልነበረም።

ስንሰነባበት ባለጋቢው አባት ሴትየዋን ወደ ጎን ጠርተው፣ በአባትነት ድምፅ፣ ከእንግዲህ እሳቱን ቀነስ እንድታደርግ መከሯት።