ነርስ ለመሆን የቴክሳስን ሕገ መንግሥት ማንበብ

ቴክሳስ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ ኮምፒውተር ሳይንስም ያጥና ነርሲንግ፣ 6 ክሬዲት የአሜሪካ ታሪክና 6 ክሬዲት ስለ መንግሥት አሠራር (የፌዴራሉንም የቴክሳስንም ሕገ መንግሥት ጨምሮ) ሳይወስድ የመጀመሪያ ዲግሪ አያገኝም። ግዴታውን ያመጣው ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ የስቴቱ ሕግ ነው። ከ120 ክሬዲት 12ቱ እዚህ ያልቃል ማለት ነው። ዜግነት አለኝ የለኝም ብሎ ነገር የለም፤ በተማሪ ቪዛ የመጣውም ይማራታል።

ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «ነርስ ልሁን አልኩ እንጂ ገቨርነር ልሁን አልኩ እንዴ?» ትላለች አንዷ ወዳጄ። የማታ ሺፍት እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ ለሚማሩ ሰዎች አራት ኮርስ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ይረክሳል ብለው ከቨርጂኒያ ወደዚህ የመጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። እዚያ የወሰዱት የፌዴራል መንግሥት ኮርስ ይያዝላቸዋል፤ የቴክሳሱ ግን ይጎድላል። ለእሱ ብቻ እንደገና ተመዝግቦ መክፈል ነው። ጆርጂያም ተመሳሳይ ሕግ አላት። እዚያ ፈተና ወስዶ ማለፍም ይቻላል።

ብሶቱ ይገባኛል። ቢሆንም የስቴቱ ኮርስ ከሁሉም የሚጠቅመው ይመስለኛል።

የቴክሳስ ሕገ መንግሥት የ1876 ነው። የጻፉት ሰዎች ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በነበረው አስተዳደር አንጀታቸው አሮ ስለነበር፣ ለባለሥልጣን አንዲት ነገር እንኳ አላመኑም። ዛሬም የስቴቱ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባ በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ለ140 ቀን ነው። የእንደራሴው ደመወዝ በወር 600 ዶላር ነው፤ እሱም እዚያው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል። (የእኛ ሰው ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታዲያ በምን ይኖራሉ?» ነው።) ዝርዝሩ ሁሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለገባ፣ ትንሹንም ነገር ለመቀየር ሕዝብ ድምፅ መስጠት አለበት። እስካሁን ከ500 ጊዜ በላይ ተሻሽሏል።

በ2023 ብቻ 14 ማሻሻያዎች ለድምፅ ቀርበው 13ቱ አለፉ። አንዱ የቤት ግብር ጉዳይ ነበር፦ ለትምህርት ቤት የሚከፈለው ግብር ሲሰላ ከመኖሪያ ቤት ዋጋ ላይ የሚቀነሰው ከ40,000 ወደ 100,000 ዶላር ከፍ አለ። ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ ኪሱ ውስጥ የገባ ለውጥ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በኖቬምበር መሆኑን ያላወቀው ግን ብዙ ነው።

አገር ቤትስ? የታሪክ ግዴታው አዲስ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሬሽማኖች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክን፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርትን ይወስዳሉ። የታሪኩ ሞጁል ያስነሳው ንትርክም አይረሳም። 106 አንቀጽ ካለው ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 39ን የማያውቅ፣ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ያልተከራከረበት ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ክልሎቹም ግን የየራሳቸው ሕገ መንግሥት አላቸው። የክልል ምክር ቤት ሥልጣን፣ የወረዳና የቀበሌ አደረጃጀት ያለው እዚያ ነው። መታወቂያ ሲከለከል፣ መሬት ሲወሰድ መጀመሪያ የምንጋፈጠው ወረዳና ቀበሌን ነው። ከአገር ቤት በዲግሪ የመጡ ጓደኞቼን የክልላችሁን ሕገ መንግሥት አንብባችኋል ወይ ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። ዝም አሉኝ። አንዱማ «ክልልም ሕገ መንግሥት አለው እንዴ?» አለ። ሕግ የተማረ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ያድነን ነበር።

ፍሬሽማን ላይ አንድ ኮርስ ለዚህ ቢሰጥ እላለሁ። ከጎንደር ጅማ የተመደበ ልጅ የኦሮሚያን ሕገ መንግሥት ለምን ያነባል የሚል ይነሳ ይሆናል። ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ የመጡትም የቴክሳስን አንብበዋል። ልጁም ቢያንስ አራት ዓመት የሚኖረው ጅማ ነው።