ለማይሞት ጀግና ለምን ልጨነቅ?

በቃ፣ መረረኝ! እንቅልፌን አጥቼ፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ ያወረድኩት፣ ከረጅም የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ተከታታይ ጎን የተሠራ ፊልም ይኼ ነው? ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ጓደኞቼ «የግድ እየው» ብለው ነዝንዘውኝ ነበር። ምኑን ልየው? በተከታታዩ ውስጥ ስሙ እንኳ ተነስቶ የማያውቅ ክፉ ሰውዬ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣል፣ ዓለምን ላጥፋ ይላል፣ ይደበደባል፣ ያልቃል። በሚቀጥለው ክፍል ማንም አያስታውሰውም! እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የናሩቶ ሺፑደን ፊልም በዋናው ጀግና በናሩቶ ሞት ይጀምራል። በሞት! ተከታታዩ ገና እየቀጠለ ማን ይደነግጣል? ማንስ ያለቅሳል?

ሲፈልጉ ይችሉበታል እኮ፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው። የ2018ቱን የድራገን ቦል ፊልም «ብሮሊ»ን የድራገን ቦል ፈጣሪ ቶሪያማ ራሱ ጻፈው፣ ድሮ በፊልም ብቻ የምናውቀው ተዋጊው ብሮሊም ወደ ዋናው ታሪክ ገባ። የሌላው አኒሜ፣ የዲመን ስሌየሩ «ሙገን ትሬን» ፊልም ደግሞ የማንጋውን (ተከታታዩ የተሠራበትን የሥዕል መጽሐፍ) ታሪክ ነው የቀጠለው። እዚያ ጀግናው ሬንጎኩ ሲሞት የምር ሞተ፣ እኛም የምር አለቀስን። እንዲህ መሥራት እየተቻለ፣ ስንት መቶ ክፍል በትዕግስት ለተከታተልን ሰዎች ለምን ትርፍራፊ ይቀርብልናል? ከእንግዲህ ታሪኩን አንድ ስንዝር የማያራምድ ፊልም ከሆነ ዳታዬን አላባክንም፣ ማንም አይነዝንዘኝ።