ኡኡታ በድድ ሰፈር

ብሩሽ በነካው ቁጥር ድዴ ሲደማ፣ እንደ አስተዋይ ሰው ብሩሹን ተውኩት። ወዳጅ ዘመድ ምክር አልነፈገኝም፤ አንዷ በጨው ውኃ ተጉመጥመጥ፣ ሌላው በነጭ ሽንኩርት እሸው፣ አጎቴ ደግሞ አረቄ ያዝበት አሉኝ። የአጎቴን ብቻ ሳላዛንፍ ፈጸምኩ።

ሲብስብኝ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም ባክቴሪያን ትረግምልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ነገሩን የሚያስነሱት እነሱ ናቸው፤ ድዱንና አጥንቱን በአብዛኛው የሚያፈርሱት ግን የእርስዎ ተከላካዮች ናቸው» አለችኝ።

ወዲያው ያለፈው ክረምት ትዝ አለኝ። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን የዶሮ ሌባ ገባብኝ ብለው ኡኡ አሉ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዱላ ያልያዘ ሁሉ ከእሳቸው አጥር አጣና እየነቀለ ገባ፤ ጎመናቸው ተረግጦ ጭቃ ሆነ፤ ሌባው በጓሮ ሾለከ።

ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ልክ እንደዚያ ሰልፈኛ ነው። ከነጭ የደም ሴሎቻችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው፤ ኡኡታ ሲሰማ ቀድሞ ይደርሳል። ባክቴሪያ ይውጣል፣ የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ይዘረጋል፣ ኢንዛይም ይረጫል። ኢንዛይሙ ግን ጠላትና ወዳጅ አይለይም፤ ድዱን አጥብቆ የያዘውን ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ክርም ይቆራርጣል። አልማውም፤ ኒውትሮፊል ጎድሏቸው የሚወለዱ ሰዎች ድዳቸው ገና በልጅነት ክፉኛ ይጠቃል። ጥፋቱ መምጣቱ ሳይሆን አልሄድ ማለቱ ነው። ማክሮፋጅ የሚባለው ሌላው ነጭ የደም ሴል እንደ እድርተኛ የሞተውን ያነሣል፤ እያነሣም ሌላ ለቀስተኛ ይጠራል። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ደግሞ ዘግይቶ እንደሚመጣ ኮሚቴ ነው፤ ግርግሩን አይቶ ቤቱ ይፍረስ ብሎ ይፈርማል፤ አጥንት አፍራሽ ሴሎችም ትእዛዙን ተቀብለው መንጋጋውን መናድ ይጀምራሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በታተመ የዴንማርክ ጥናት፣ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ ተደርጎ ነበር። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ሁሉም ድዳቸው ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ተመለሰላቸው። እነሱ ለሳይንስ ነው የተዉት። እኔ ለጥንቃቄ።

ሐኪሟ ጥርሴ ላይ የደረቀውን ቆሻሻ ፍቃ አነሣችልኝ፤ ደማም አልደማም በቀን ሁለት ጊዜ ቦርሹ አለችኝ። ድዱ ያገግማል፣ የሄደው አጥንት ግን እንዲሁ አይመለስም።

የባልቴቷ አጥርም እስከ ዛሬ አልተጠገነም። አንዱ አጣና እኔ ቤት በር ሥር ቆሟል፤ ሌባ ከመጣ ብዬ።