የሰርግ ባርኔጣችንን ከስንደዶ እንስፋው

ከጥምቀት በኋላ ባሕር ዳር የሰርግ ከተማ ናት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመድረስ ሁሉም ይሯሯጣል። አዳራሹም፣ የጣና ዳር መናፈሻውም፣ ፎቶ አንሺውም አስቀድሞ ተይዟል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል አልፎ አልፎ በሴቶች ራስ ላይ አዲስ ነገር እያየን ነው። ላባ፣ መረብና የጨርቅ አበባ የተሰካበት፣ በአንድ ጎን ዘንበል ብሎ የሚቀመጥ ትንሽ ጌጥ። ፋሲኔተር ይሉታል።

"ባህላችንን አጠፉት" የሚል ወቀሳ ወዲያው ይከተላል። እኔ አልስማማም። ቬሎውም የመጣው ከውጭ ነው፤ ሱፍና ከረባቱም እንደዚያው። ሰው ለወዳጁ ደስታ ልዋብ ቢል ምን ክፋት አለው? እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስፌት የሚያውቅ እጅ በሞላበት አገር እየኖርን የፕላስቲክ አበባ ገዝተን ራሳችን ላይ መሰካታችን።

እንግሊዞች ዘንድ ሴት ባርኔጣ አድርጋ ሰርግ መሄዷ የቆየ ልማድ ነው። ሥሩ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ሴት ስትጸልይ ራሷን እንድትሸፍን ይናገራል። እነሱ በባርኔጣ ሸፈኑ፣ የእኛ እናቶች በነጠላ። ወንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ይህ እዚያም እዚህም አንድ ነው። ፋሲኔተር የኋላ ነገር ነው። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም አልወደዱትም። ታዋቂው የአስኮት የፈረስ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለክብር እንግዶች በተከለለው ንጉሣዊ ሥፍራ ውስጥ ፋሲኔተር ከልክሏል። የራስ ጌጥ ከሆነ መሠረቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብሏል።

አሁን ውድ የሚባሉት የሰርግ ባርኔጣዎች ከምን እንደሚሠሩ እንይ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ሲናማይ ከሚባል ጨርቅ ነው። ሲናማይ የሚሸመነው አባካ ከሚባል የፊሊፒንስ ተክል ቃጫ ነው። አባካ የሙዝ ዘመድ ነው፤ የእኛ እንሰትም ከዚያው ቤተሰብ ነው። የፓናማ ባርኔጣ የምንለውም የኢኳዶር ሰዎች የእጅ ሥራ ነው፣ ቶኪያ ከሚባል ተክል ቅጠል የሚጎነጎን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ሙያውን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦላቸዋል። በሌላ አገር ስም ቢጠራም ከዚያ የሚገኘው እንጀራ የእነሱ ነው።

እኛስ ምን ጎደለን? ስንደዶ አለ። አክርማ አለ። ቀለም የተነከረ አለላ አለ። ወስፌውን የምትይዝ እናት በየሰፈሩ አለች። የአገልግልን ክዳን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ ሾጠጥ ይላል፣ ከታች ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ ተንጠልጥሎም አይከፈትም። ያንን የሰፋች ሴት ለሰው ራስ የሚሆን ክብ መስፋት አያቅታትም። ሐይቁ ዳር ደግሞ ደንገል አለ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ ሠርተው ጣናን ሲቀዝፉበት ኖረዋል። ውሃ ላይ ሰው የሚሸከም ሣር ለአንድ ቀን ሰርግ ራስ ላይ አይከብድም። ገጠር እረኛውም ክረምቱን ገሳውን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። ሣርን ራስ ላይ ማድረግ አዲስ ፈጠራ አይደለም ማለቴ ነው።

ግን እንደ እንግሊዞቹ ሰፊ ክንፍ ያለው አይሁን። የእነሱ ባርኔጣ የተሠራው ተቀምጦ ለሚጨርስ እንግዳ ነው። የእኛ ሰርግ ላይ እስክስታ አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ አንገቱ ሲመታ ሰፊ ባርኔጣ ገና በመጀመሪያው ዘፈን ይወድቃል። ዳስ ውስጥም ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው፤ ከኋላ ያለችው እትዬ ሙሽሮቹን ማየት አለባት። ጣና ዳር ፎቶ የሚነሳም የከሰዓቱን ንፋስ ያውቀዋል። ስለዚህ ትንሽ፣ ቀላል፣ ሹሩባው ላይ በፒን የሚያዝ ይሁን። ጠርዙ ላይ የቀሚሱን ጥለት ቀለም ቢደግም እንዴት ያምር ነበር!

ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጠላው ቦታውን አይልቀቅ። ነጠላ አለባበሱ ራሱ ይናገራል፤ ለጸሎት መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። ይህን የሚተካ ባርኔጣ የለም። ባርኔጣው ለዳሱና ለአዳራሹ ይቆይ። ሁለተኛ፣ ዘውድ ለሙሽሮች ይተው። በሥርዓተ ተክሊል ካህኑ በሁለቱ ራስ ላይ አክሊል ይደፋል። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው በዕቃ ቤቱ የተጠበቁትን የነገሥታት ዘውዶች አይቷል። እዚህ አካባቢ ዘውድ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ግን ሚዜዎቹ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ዘውድ ይደፉና ሙሽራዋ የቷ እንደሆነች ይጠፋናል። ቀኑ የእሷ ነው። ሚዜዎቿ በአለላ አበባ ቢያጌጡ እነሱም ያምራሉ፣ እሷም ትለያለች።

ዋጋ ላይም እንነጋገር። ከውጭ ለመጣ ላባ ሳንከራከር እየከፈልን፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ስፌት ይዛ ከተቀመጠች እናት ጋር ግን እስከ መጨረሻዋ ብር እንከራከራለን። ይህ ልክ አይደለም። ስፌት ዓይን የሚያደክም፣ ጣት የሚወጋ፣ ቀናት የሚበላ ሥራ ነው። የሰርግ ባርኔጣ ስናዝዝ የዋለችበት ቀን ሁሉ ታስቦ ይከፈላት።

ለጥር ሰርግ የሚፈልግ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ አይሩጥ። ስንደዶው የሚነቀለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ነው። ከዚያ መድረቅ አለ፣ መሰንጠቅ አለ፣ ቀለም መንከር አለ። የራሳችሁን ዙሪያ በክር ለክታችሁ፣ ከቀሚሳችሁ ጥለት ቁራጭ ይዛችሁ በጥቅምት እዘዙ።