ለቀብራችን አዋጣን፤ ለልጆቻችንስ ምን ጻፍን?

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የምናገረው ነገር ለጆሮ ይከብዳል። ለአፍም ይከብዳል። ግን የዕድር ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ያየሁት ነገር ዝም ብዬ እንድቀመጥ አልፈቀደልኝም።

ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች እህታችን ነበረች። ቀን አረጋውያን ስትንከባከብ ውላ ማታ ሆስፒታል ትገባለች። በዚያ ላብ ቤት ገዛች። ድንገት ዐረፈች። ዕድሩ እንደ ደንቡ ገንዘቡን አወጣ፣ አስከሬኗ አዲስ አበባ ገባ፣ እዚህም ለቅሶው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ምግቡ ተትረፈረፈ። በሰባተኛው ቀን ማታ ሰው ሲበተን የ19 ዓመት ልጇ የሐበሻ ሱቅ ፌስታል ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ፌስታሉ ውስጥ የመብራት ቢል፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ያልተከፈቱ የባንክ ፖስታዎችና የታናሽ እህቱ የክትባት ካርድ ተጨናንቀዋል። «ጋሼ፣ ቤቱ የትኛው ነው?» አለኝ። የቤቱ ወረቀት የትኛው ነው ማለቱ ነበር። እያንዳንዱን ወረቀት አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ዘረጋን። ኑዛዜ የለም። ትረስት የሚባለው የንብረት ሰነድም የለም። ምንም የለም።

ያች እህታችን ቡና ላይ ስትቀመጥ «እኔ አንድ ነገር ብሆን ልጄን የምታሳድግልኝ እህቴ ናት» ስትል ሁላችንም ሰምተናል። ግን አንድ ወረቀት ላይ አላሰፈረችውም። የ14 ዓመቷ ልጅ ከማን ጋር ትኑር በሚለው ነገር የእናት ወገንና የአባት ወገን ዳኛ ፊት ቆሙ። በቡና ላይ የተነገረው ቃል እዚያ ሲደርስ አንዱ ሰማሁ የሚለው፣ ሌላው አልሰማሁም የሚለው ወሬ ሆነ። ዛሬ ሁለቱ ቤተሰቦች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲገናኙ ሰላምታ የላቸውም።

ቤቱ ደግሞ ፕሮቤት ገባ። ፕሮቤት ማለት በሟች ስም ያለውን ንብረት ፍርድ ቤት አስቆጥሮ፣ ዕዳውን አስከፍሎ፣ የተረፈውን ለወራሽ የሚያስረክብበት ሥርዓት ነው። ከሟች ላይ ገንዘብ አለኝ ለሚል አበዳሪ አራት ወር ይጠበቃል፤ ጉዳዩ በሙሉ ቢፈጥን ዘጠኝ ወር፣ ቢዘገይ ዓመት ከመንፈቅና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሞርጌጁ፣ የቤቱ የባንክ ዕዳ ክፍያ፣ ግን አይጠብቅም። በየወሩ ይመጣል።

አሁን ሒሳቡን ልብ በሉልኝ። በካሊፎርኒያ ሕግ የፕሮቤት ጠበቃ ክፍያ ከመጀመሪያው 100,000 ዶላር 4 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 100,000 ደግሞ 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው 800,000 ላይ 2 በመቶ ነው። ቤቱ 900,000 ዶላር ቢያወጣ 4,000፣ 3,000 እና 14,000 ተደምሮ 21,000 ዶላር ይሆናል። ንብረቱን እንዲያስተዳድር የሚሾመው ሰውም ያንኑ ያህል የማግኘት መብት አለው፤ የቤተሰብ ሰው ከሆነ ሊተወው ይችላል እንጂ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይህ ነው፦ ክፍያው የሚሰላው በቤቱ ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። ባንኩ 600,000 ዶላር ቢፈልግበትም ዕዳው አይቀነስም። የልጆቹ ድርሻ 300,000 ሆኖ ሳለ የሚከፍሉት 900,000 እንዳለው ሰው ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ወዲህ ለሞተ ሰው፣ ይኖርበት የነበረው ቤት ከ750,000 ዶላር ካልበለጠ አጠር ያለ መንገድ ተከፍቷል። እሱም ቢሆን የፍርድ ቤት አቤቱታ አይቀርለትም። ደግሞስ ሎስ አንጀለስ ወይም ሳን ሆዜ ውስጥ ስንቱ ቤት ነው ከዚያ በታች የሚያወጣው?

«እኔ ኑዛዜ ጽፌአለሁ» የምትሉ አላችሁ። መልካም አድርጋችኋል፤ የልጆቻችሁን አሳዳጊ የምትሰይሙት በእሱ ነው። ነገር ግን ኑዛዜ ብቻውን ቤትን ከፕሮቤት አያድንም። ኑዛዜ ለዳኛው ለማን እንደሚሰጥ ይነግረዋል እንጂ ዳኛውን አያስቀረውም። ዳኛውን የሚያስቀረው ሊቪንግ ትረስት የሚባለው ነው።

ትረስትን እንደ ባዕድ ነገር አትዩት። እኛም ለነገሩ የቆየ ቃል አለን፤ አደራ ነው። ቤታችሁን ከግል ስማችሁ ወደ አደራው ስም ታዛውራላችሁ። በሕይወት እስካላችሁ ባለአደራው ራሳችሁ ናችሁ፤ ብትፈልጉ ቤቱን ትሸጡታላችሁ፣ ብትፈልጉ አደራውን ታፈርሱታላችሁ፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ስታልፉ ወይም ሕመም አእምሯችሁን ሲይዘው ስሙን የጻፋችሁት ሰው ያለ ፍርድ ቤት ይተካል፤ ባዘዛችሁትም መሠረት ይሠራል። ልጅ ላለው ሰው ደግሞ ይህ የግድ ነው። አደራ ከሌለ የትንሽ ልጅ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ይቆይና 18 ዓመት ሲሞላው በእጁ ይሰጠዋል። በ18 ዓመታችሁ አንድ መቶ ሺህ ዶላር ቢሰጣችሁ ምን ታደርጉበት ነበር? በአደራ ግን «ለትምህርቱ ይከፈልለት፣ የቀረውን 25 ሲሞላው ይውሰድ» ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንድ ለቅሶ ቤት የሟች ባለቤት ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡትን ጥቁር ባይንደር አወጡልኝ። ትረስቱ ተፈርሟል፣ ማኅተሙ አለ፣ ገንዘቡ ተከፍሏል። የቤቱን ዲድ፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ስናይ ግን ዛሬም በሟች የግል ስም ነው። ማንም አላዛወረውም። ጎተራ አቁሞ እህሉን ሜዳ ላይ ማሳደር ማለት ይኸው ነው። ጠበቃው «ጨረስን» ሲላችሁ ካውንቲው የመዘገበውን አዲሱን ዲድ አሳዩኝ በሉ። ሳታዩ አትነሱ።

የጡረታና የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ የሚሄደው ደግሞ ቅጹ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ኑዛዜም አይለውጠውም። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንድ የቦይንግ ሠራተኛ ከሚስቱ ከተፋታ ጥቂት ወራት ሳይቆይ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ቅጹን አልቀየረም ነበር። ልጆቹ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ፍርዱ ለቀድሞ ሚስቱ ሆነ። እናንተስ ሥራ በጀመራችሁበት ቀን፣ ገና ሳታገቡ፣ የማንን ስም ነበር የጻፋችሁት?

አዲስ አበባ ያለውን ቤት ደግሞ ረስታችሁታል። ብዙዎቻችሁ «ለወንድሜ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብላችሁ ተኝታችኋል። ውክልና በሰጪው ሞት ያበቃል! በዚያች ቀን ወንድማችሁ ቤቱን ለመሸጥ ቀርቶ ለማከራየትም ሥልጣኑ ያጠራጥራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙ ሰው ሲሰማ የማያምነው ነው፦ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። ከጋራ ንብረት ግማሽ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የሟች ግማሽ ግን ለልጆች፣ ልጅ ከሌለ ለሟች አባትና እናት፣ እነሱም ከሌሉ ለእህት ወንድሞች ይሄዳል። ልጅ ሳትወልዱ ሃያ ዓመት አብራችሁ የኖራችሁ ባልና ሚስት፣ የምትወዱት ሰው ከአማቶቹና ከዋርሳዎቹ ጋር ቤት እንዲካፈል ነው የተዋችሁት።

ስለዚህ ለአገር ቤቱ ንብረት በአገር ቤቱ ሕግ ለብቻው ተናዘዙ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ መነበቡና ቀኑ ተጽፎበት፣ ሁሉም ወዲያው የሚፈርሙበት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብራችሁ አትናዘዙ፤ ዋጋ የለውም። በየራሳችሁ ጻፉ። የካሊፎርኒያ ጠበቃችሁንም አስጠንቅቁት፤ እነርሱ ሲጽፉ በልማድ «ከዚህ በፊት የጻፍኩትን ኑዛዜ ሁሉ ሽሬአለሁ» የምትል መስመር ያስገባሉ፤ የአዲስ አበባውን ሳታስቡት ልትሽርባችሁ ትችላለች።

ሙስሊም ወገኖቼ፣ እናንተ ወሲያ፣ ማለትም ኑዛዜ፣ ሁለት ሌሊት እንኳ ሳይጻፍ እንዳያድር የታዘዛችሁ ናችሁ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት የፈራኢድን፣ የእስልምና ውርስ ሕግን፣ ድርሻ በራሱ አያውቅላችሁም። ካልጻፋችሁት በስቴቱ ሕግ ነው የሚከፋፈለው።

ይህን ሁሉ በስብሰባ ላይ ሳነሳ መልሱ አንድ ነው፤ «ኧረ አታሟርትብን!» ትላላችሁ። ኑዛዜ ከመቼ ወዲህ ነው ሟርት የሆነው? አያቶቻችን የነፍስ አባታቸውንና የአገር ሽማግሌ አስጠርተው፣ ይህ በሬ ለታላቁ፣ ያ መሬት ለታናሹ፣ ከእገሌ የተበደርኩት ይከፈልልኝ ብለው እየተናዘዙ ነው ያለፉት። ዕዳቸውን ተሸክሞ መሞት ነበር የሚያስፈራቸው። እኛ የሠላሳ ዓመት የባንክ ዕዳ ተሸክመን «አይነሳብን» እንላለን። ለሰርግ አዳራሽ የአንድ ሌሊት ኪራይ ሺዎችን ስንከፍል ያልከበደን፣ ለትረስት ጠበቃ ሲሆን «ለምን ገንዘብ እናባክናለን» እንላለን። ይህ ለልጅ ማሰብ አይደለም።

የዚያች እህታችን ልጅ ኮሌጁን አቋርጧል። ሞርጌጁ እንዳያመልጠው ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። በሚመጣው ወር ቀጠሮ አለው፤ አብሬው እሄዳለሁ። ፌስታሉን እስካሁን አልጣለውም።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ መዋጮውን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። የቤታችሁን ዲድ ይዛችሁ ኑ። ከሻይ በፊት በማን ስም እንዳለ አብረን እናነባለን።